ርዳታው ቢቋረጥ ዩክሬን ምን ትሆናለች ላልከው

ወንድሜ፣ «አሜሪካ እጇን ብትሰበስብ ዩክሬን መሬቷን ታስመልሳለች ወይስ ጨርሳ ታጣለች?» ብለህ ጠይቀሃል። መድፈኛ ስለነበርኩ ከመድፍ ልጀምርልህ።

ኅዳር 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ሐረር ዙሪያ ነበርን። ጅጅጋ መስከረም ላይ ከእጃችን ወጥታለች። የያዝነው የአሜሪካ 105 ሚሊሜትር መድፍ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ከ1969 ጀምሮ መሣሪያ መስጠቷን አቁማለች። አዛዣችን ማታ ማታ በባትሪ እያበራ፣ ሳጥኖቹን ከፍቶ ጥይቱን በእጁ እየዳሰሰ ይቆጥር ነበር። አንድ ቀን ለኛ መድፍ የደረሰን 4 ጥይት ነው። የሶማሊያ ጦር መኪኖች ማዶ አቧራ እያስነሱ ሲያልፉ በዓይናችን እያየን «ለማታ ይቆይ» ተብለን ዝም አልን። እግረኛው ከምሽጉ በሬዲዮ «መድፍ! መድፍ!» እያለ ይጣራል። ያ ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ የምሥራቅ ዩክሬኗ ከተማ አቭዲቭካ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 ስትወድቅ ተንታኝ አላስፈለገኝም። የአሜሪካ ምክር ቤት ለወራት ሲነታረክ የዩክሬን መድፈኞች ጥይት እያብቃቁ ነበር። 61 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ርዳታ የጸደቀው ኤፕሪል ላይ ነው፣ ከተማዋ ከሄደች ሁለት ወር ካለፈ በኋላ።

እኛ ግን አሸነፍን ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ የካቲት 26 ካራማራ ላይ ድል አደረግን፤ የወገን ደም ፈሶበታል። ነገር ግን ሞቃዲሾ ኅዳር ላይ ሶቭየቶችን አባረረች፤ እነሱም 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት መሣሪያ በጥቂት ወራት ውስጥ አፈሰሱልን፣ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ኩባውያንም ጎናችን ተሰለፉ። ሁሉም ባንዴ መጣ፤ የሶማሊያ ጦር ደግሞ አቅራቢውን አጣ። ዩክሬን ይህ ዕድል አልገጠማትም። የሚሰጣት እየተቆነጠረ ነው፤ የምዕራቡ ታንክ በ2023፣ ኤፍ-16 ተዋጊ አውሮፕላን በ2024 ደረሳት። ሩሲያ ግን የራሷ ፋብሪካ አላት፣ ከሰሜን ኮሪያም ጥይት ይገባላታል።

እንደኔ ግምት፣ ርዳታው ቢቀጥል እንኳ ሩሲያ የያዘችው አንድ አምስተኛ ገደማ መሬት በጦር አይመለስም። ቢቋረጥ ደግሞ ኪየቭ በአንድ ሌሊት አትወድቅም፤ አውሮፓ አለ፣ ድሮኑንም ራሳቸው ይሠራሉ። መስመሩ ግን መንደር በመንደር ወደ ምዕራብ ይገፋል። መጨረሻው ማንም በሕግ ያልተቀበለው የተኩስ ማቆሚያ መስመር ይመስለኛል። ባድመን አስበው፤ የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ዓ.ም. ለኤርትራ ፈረደ፣ ወታደራችን ግን ከ15 ዓመት በላይ እዚያው ቆየ።

ከፒያሳ በቸርቸል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት ጋ ቆም እላለሁ። የወደቁት ኩባውያን ምስል እዚያ አለ። ውለታቸውን አልረሳም። ሆኖም በጎርባቾቭ ዘመን ሶቭየቶች ፊታቸውን ሲያዞሩብን እኔ ሰሜን ግንባር ነበርኩ። መድፉ የነሱ ነበር፣ ጥይቱ ግን አልመጣም። ያን ጊዜ ማታ ማታ ሳጥን ከፍቼ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ።