ጭብጨባው ሲመታ ክራሩ ለምን ይሸሻል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ ቢጤ አድርጌ እቀዳለሁ። በቅርቡ ባለ ሁለት ቻናል ኮምፕሬሰር (ድምፅ ሲጮህ ራሱ ቀነስ የሚያደርግ ዕቃ) ገዛሁ። ዘፋኝ በአንድ ማይክ ስቀዳ ድምፁ በግራ ጆሮ ብቻ ይሰማኛል። ኪቦርዱን በስቴሪዮ ሳሳልፍ ደግሞ ግራ ላይ ጭብጨባ በመጣ ቁጥር መሀል የነበረው የኪቦርዱ ክራር ወደ ቀኝ ሸርተት ይላል። ዕቃው ተበላሽቶ ነው? ልመልሰው?

መልስ፦ ኧረ አትመልሰው፣ ዕቃህ ደህና ነው። የማይኩ ነገር ቀላል ነው። አንድ ማይክ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ሞኖ ነው፣ አንድ ቻናል ይበቃዋል። አንተ ስቴሪዮ ትራክ ከፍተህ ግራውን ብቻ እየሞላህ ነው። ትራኩን ሞኖ አድርገው፣ መሀል ይመጣል። ቦታም ትቆጥባለህ፤ በ24 ቢት በ48 ኪሎኸርዝ ሞኖ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ስቴሪዮ እጥፉን ይበላል።

ኪቦርዱ ላይ ግን እንቆይ። ባለ ሁለት ቻናል ማለት፣ ካላገናኘሃቸው፣ አንድ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሞኖ ኮምፕሬሰሮች ማለት ነው። ክራሩ መሀል የሚሰማህ ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሚወጣ ነው፤ ጭብጨባው ግራውን ሲመታ ግራው ቻናል ብቻውን ድምፁን ይቀንሳል፣ ቀኙ እንደነበረ ይቀራል፣ ክራሩም ወደበለጠው ይሄዳል። የሁለቱን ማዞሪያዎች እኩል ማድረግ አያድንህም፣ ምክንያቱም የሚገባላቸው ድምፅ የተለያየ ነው። ፊቱ ላይ ሊንክ ወይም ከፕል የሚል ቁልፍ ፈልግና ተጫን። ከዚያ ሁለቱም እኩል ይቀንሳሉ። በብዙዎቹ ላይ ቁልፉን ስትጫን አንደኛው ቻናል አዛዥ ይሆንና የሁለተኛው ማዞሪያዎች ዝም ይላሉ፤ እሱን አይተህ ደግሞ ተበላሸ እንዳትለኝ።

ገመድህንም እይ። ጫፉ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበት ያለው ጃክ ሁሉ ስቴሪዮ አይደለም። የኪቦርዱን የሄድፎን መውጫ በእንዲህ ያለ አንድ ገመድ ወደ ባላንስድ መግቢያ (አንዱን ሞኖ ድምፅ በሁለት ሽቦ ተቀብሎ ልዩነታቸውን የሚወስድ) ከሰካኸው መግቢያው ቀኙን ከግራው ይቀንሳል፣ መሀል ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሚቀርህ ቀጭን ነገር ነው። ከግራና ከቀኝ መውጫዎቹ ሁለት ገመድ አውጣ።

የቀነስከውን ድምፅ መልሰህ ስታነሳው ደግሞ ከጀርባ ያለውም አብሮ ይነሳል። ለኮዬ ውሾች ሌሊት ማይክ ከፍተህላቸዋል ማለት ነው! ለዘፋኝ በ3 ለ 1 (ከገደቡ ያለፈውን እያንዳንዱን 3 ዴሲቤል ወደ 1 በማውረድ) ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል መቀነስ በቂ ነው ባይ ነኝ።

ኮምፕሬሰርህ የሊንክ ቁልፍ ከሌለው ኪቦርዱን ያለ ኮምፕሬሰር ቅዳው፣ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (ከቀረጻው ጣሪያ) በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ከዚያ መቅጃ ሶፍትዌሩ ላይ ስቴሪዮ የኮምፕሬሰር ፕለጊን (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚሠራ ኮምፕሬሰር) አድርግበት።