ከደጋ ለሚመጣ ልጅ የወባ መከላከያ ኪኒን ይሰጠዋል?

እህቴ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ልትዛወሪ መሆኑን ገልጸሽ፣ ምዕራብ አፍሪካ ለሕፃናት ይታደላል የሚባለውን የወባ መከላከያ ኪኒን ገዝተሽ ለሦስት ዓመት ልጅሽ ብትሰጪው ኋላ ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ነርስ ነኝ፤ የሠራሁትም ልጆቼን ያሳደግሁትም እዚሁ ቆላ ነው።

የሰማሽው እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አሠራሩን የመከረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እንደ ማሊና ቡርኪና ፋሶ ባሉ አገሮች፣ ወባ በሚበረታባቸው የዝናብ ወራት፣ ትንንሽ ልጆች ቢታመሙም ባይታመሙም በየወሩ ፋንሲዳርና አሞዲያኩዊን ይወስዳሉ።

ኋላ ያመጣል ስለሚባለው ጉዳት፣ እናቶች አዘውትረው የሚሉት "ልጁ ወባን ሳይለምድ ያድግና በኋላ ትጥለዋለች" ነው። ነገሩ ከንቱ ስጋት አይደለም፤ ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ባለው ዓመት ወባ በመጠኑ ጨምራ የታየችባቸው ቦታዎች አሉ። ሆኖም ኪኒኑ ካስቀረው ሕመም ጋር ሲመዘን ጭማሪው ትንሽ ነው። ጋምቢያ ውስጥ በሕፃንነታቸው መከላከያ የወሰዱ ልጆች ከዓመታት በኋላ ሲጠኑ፣ በትምህርታቸው ካልወሰዱት ገፋ ብለው ተገኝተዋል። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ የኋላው ሳይሆን የአሁኑ ነው።

እኛ ዘንድ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ቫይቫክስ የሚባለውም አለ፤ ይኸኛው ጉበት ውስጥ አድብቶ ከወራት በኋላ ያገረሻል፤ እነዚያ ኪኒኖች ከጉበት አያስወጡትም። ፋንሲዳር ደግሞ እኛም አገር የወባ ማከሚያ ነበር፤ ተውሳኩ ስለተላመደው እ.ኤ.አ. በ2004 በኮአርተም ተተካ። አሞዲያኩዊን ልጅ ያስመልሳል። ፋንሲዳር ውስጥ ያለው ሰልፋ የማይስማማው ልጅ ሲያጋጥም፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ቆዳው እስከ መላጥ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በግምት ሰባብሮ ለልጅ መስጠት ድፍረት ነው፤ ዝም ብሎ የሚሸጥ ባለ መድኃኒት ቤት ካገኘሽም ሌላ ፈልጊ።

ከተቻለ ከመስከረም በፊት ግቢ፤ ክረምቱ እንደወጣ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባዋ ትበረታለችና። ከጤና ኬላ አጎበር ተቀበዪ፤ ስታጥቢው በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ ጥላ ውስጥም አስጪው፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ይጨርሰዋል። የደጋ ልጅ ሰውነቱ ወባን አያውቅምና ትኩሳት በያዘው ዕለት አስመርምሪው፤ በፓራሲታሞል እያበረድሽ አትደሪ። ለበዓል ደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ቢያተኩሰውም ለሐኪሙ ከሸዋ ሮቢት መምጣታችሁን አስቀድመሽ ንገሪው፤ እዚያ ብርድ ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።