በአማርኛ የጮህኩበት ቀን

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ቡናውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ዕድሜው 22 ነው። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ዘንድሮ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆችን ቤዝቦል በነፃ ለማሰልጠን ተመዝግቧል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ዓመት አሰልጥነዋል። አንድ ልጅ ኳስ ጥሎ ቡድኑ ሲሸነፍ ምን ይሉት ነበር?» አለኝ።

«አይዞህ በለው፤ ሌላ ምን ትለዋለህ» አልኩትና ወሬ ቀየርኩ።

ቤቴ ስገባ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ያንን ቃል ማለት በነበረብኝ ቀን አላልኩትም። ይህን ደብዳቤ ለእሱም፣ እንደ እሱ ልጆች ፊት ለመቆም ለምታስቡ ሁሉ እጽፋለሁ።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ደሴ ውስጥ የስፖርት መምህር ነበርኩ። እዚህ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ወደ ቤዝቦል ያስገባኝ ልጄ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላው ጓንት ግዛልኝ አለ። እኔ ያደግሁት በካልሲ ኳስ ነው፤ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ በሲባጎ አስረን፣ ባዶ እግራችንን እስኪመሽ ድረስ እንራገጥ ነበር። ቤዝቦል ምኑም አልገባኝም ነበር። ሕጉን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሼ እንደ ፈተና አጠናሁት። በኋላ አሰልጣኝ ጠፋ ሲባል እጄን አወጣሁ። 11 ዓመት ቆየሁበት።

እ.ኤ.አ. በ2004 ያሰለጠንኩት ቡድን ውስጥ ከልጄ ሌላ የሐበሻ ልጅ አንድ ብቻ ነበር። ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ጓንቱ ከእጁ የሚሰፋ ልጅ። ሌሎቹ «ኮች» ሲሉኝ እሱ «ጋሼ» ይለኝ ነበር፤ እናቱ አስተምራው ነው። ልምምድ ሲያልቅ ማንም ሳያዘው ኳሶቹን ሰብስቦ ባልዲ ውስጥ የሚከተው እሱ ነው።

የማጫውተው ራይት ፊልድ ነበር። ቤዝቦል ለማታውቁ፣ ራይት ፊልድ ከመቺው በስተቀኝ፣ ራቅ ብሎ ያለው የሜዳው ክፍል ነው። አብዛኛው ልጅ በቀኙ ስለሚመታ ኳሷ የምትሄደው ወደ ግራ ነው። በልጆች ጨዋታ ራይት ፊልድ እምብዛም ሥራ የለበትም። ስለዚህ አሰልጣኞች ገና ያልለመደውን ልጅ እዚያ ይደብቁታል። እኔም ደበቅሁት።

እናቱ ሌሊት ሆቴል ትሠራለች፣ ቀን ደግሞ የሰው ልጆች ትጠብቃለች። አንድም ጨዋታ አይታ አታውቅም። የግማሽ ፍጻሜው ቅዳሜ ግን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ መጣች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ለቡድኑ በሙሉ ቆራርሳ በፎይል ጠቅልላ ነው የመጣችው። ልጁ እሷን ሲያይ የሆነውን አልረሳውም። ኮፍያውን አስተካከለ። ሜዳ ሲገባ እየሮጠ ነበር የገባው።

በዚህ ዕድሜ ጨዋታው ስድስት ኢኒንግ ነው፤ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው። ስድስተኛው ላይ አምስት ለአራት እየመራን ነበር። ሁለት አውት አግኝተናል፤ ማለትም ሁለት ተጫዋቾቻቸውን አስወጥተናል። ሦስተኛው ሲወጣ የመምታት ተራቸው ያበቃል። አንድ ብቻ ቀርቶናል። እነሱ ደግሞ ሁለት ሯጭ ቤዝ ላይ አላቸው፤ ቤዝ ሯጩ ነጥብ ለማግባት እየረገጠ የሚዞርበት ማረፊያ ነው። መቺው መታት፤ ኳሷ ከፍ ብላ ወደ ራይት ፊልድ ሄደች።

ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ቆመ። ፊቱን ቋጠረ። ጓንቱን ዘረጋ። ኳሷ የጓንቱን ጠርዝ ነክታ ሣሩ ላይ ወደቀች። ሁለቱም ሯጮች ገቡ። ስድስት ለአምስት። አለቀ።

እኔም ጮህኩ።

«አንተ! ዓይንህ የት ነው ያለው? አሳፈርከን እኮ!»

በአማርኛ ነው የጮህኩት። እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ያንን ኳስ የጣለው ከአሜሪካኖቹ ልጆች አንዱ ቢሆን ኖሮ አልጮህም ነበር። «ጉድ ትራይ» ብዬ አጨበጭብ ነበር፤ ወላጆቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠዋላ። በዚያው ወር የእነሱ ልጆች ስንት ኳስ ጥለዋል፤ አንዱንም አልተቆጣሁም። የእኛን ልጅ ግን ማንም በማይሰማኝ ቋንቋ ተቆጣሁት። ሜዳው ላይ ያንን ቋንቋ የሚሰሙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እሱ፣ እናቱ እና ልጄ።

ለዓመታት «የኛ ስለሆነ ነው፣ ስለማስብለት ነው» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እኔ ራሴ በአርጩሜ ነው ያደግሁት። ተማሪ ሳለሁ የስፖርት መምህራችን ሩጫ መጨረሻ የወጣውን ልጅ ሰልፍ ፊት አቁሞ ያስቅበት ነበር። አንድ ቀን እኔም ቆሜአለሁ። ስቀው ሲያበቁ ማንም ትዝ አላለው ይሆናል። እኔ ግን የቆምኩበትን ጠጠር ሳይቀር አስታውሳለሁ። ያ ሁሉ እያለኝ ነው ይህን ያደረግሁት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ልንገራችሁ። የተጋጣሚያችን ቡድን እየተቃቀፈ ይዘላል። አሰልጣኛቸው ሽበታም፣ ደልደል ያለ ሰው ነበር። ልጆቹን ትቶ በእኔ አጠገብ አለፈ። አላየኝም። ሜዳውን አቋርጦ ራይት ፊልድ ድረስ ሄደ። ልጁ ጓንቱን ፊቱ ላይ አድርጎ ተንበርክኮ ነበር። ሰውየው አጠገቡ ተንበረከከ። ትንሽ አወራው። ከዚያ የልጁን ጓንት ያጠለቀ እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳው፤ ወደ ፀሐይዋ። በጓንቱ ፀሐይዋን ጋረደለት።

ያኔ ገባኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር። በብዙ ሜዳዎች እንደዚያ ሰዓት ራይት ፊልድ የቆመ ልጅ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ከፍ ብላ የምትመጣ ኳስ ፀሐይዋ ውስጥ ትጠፋለች። መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶውን እጅ ወይም ጓንቱን አንስቶ ፀሐይዋን መጋረድ፣ ጎን ሰጥቶ መቆም። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ትምህርት ነው። እኔ አላስተማርኩትም። እዚያ ኳስ አይደርስም ብዬ።

«ዓይንህ የት ነው» ያልኩት ልጅ ፀሐይ ነበር ያሳወረችው።

ተሰልፈን እጅ ተጨባበጥን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። እናቱ ድፎውን አዳረሰች፤ ለአሸናፊዎቹም ሰጠች። ልጇ አልበላም። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ስለሚደክሙለት» አለችኝ። ሰምታኛለች እኮ። ሰምታኝ ነው ያመሰገነችኝ። ልጁ አጠገቧ ቆሞ ያንን ሰማ።

በቀጣዩ ዓመት አልተመዘገበም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ እንጀራ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። «አድጓል፣ ጎበዝ ተማሪ ነው። ኳሱን ግን ተወው» አለችኝ። ልጁ ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። በመስታወቱ አየሁት። አሥር እርምጃ አይሆንም። እንጀራዬን ይዤ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2010 ማታ ቤቴ ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር። ዲትሮይት ከክሊቭላንድ ይጫወታሉ። አርማንዶ ጋላራጋ የሚባል የ28 ዓመት ቬኔዙዌላዊ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) 26 መቺዎችን በተከታታይ አውት አድርጓል። አንዱም ቤዝ አልረገጠም። 27ኛው አውት ከሆነ «ፐርፌክት ጌም» ይባላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነው የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ) ታሪክ ሃያ ምናምን ጊዜ ብቻ ነው የሆነው። 27ኛው መቺ ኳሷን መሬት ለመሬት መታት። ጋላራጋ ፈርስት ቤዝ (የመጀመሪያው ማረፊያ) ድረስ ሮጦ ኳሷን ተቀበለ፣ ቤዙን ከመቺው ቀድሞ ረገጠ። ሰውየው አውት ነበር። ዳኛው ጂም ጆይስ ግን «ሴፍ»፣ ደርሷል አለ። ሁሉም አበደ። ጋላራጋ ግን ፈገግ አለ። ወደ ቦታው ተመልሶ ቀጣዩን መቺ አውት አደረገ።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለዚያ ፈገግታ ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ዳኛው ነው። ጆይስ 54 ዓመቱ ነበር፤ ከ20 ዓመት በላይ ዳኝቷል። ምስሉን ሲያይ መሳሳቱን አመነ። በዚያው ሌሊት ጋላራጋን ፊት ለፊት አግኝቶ ይቅርታ ጠየቀው። በማግስቱ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ጋላራጋ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ይዞለት ሲመጣ፣ ጆይስ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት እንባውን ጠረገ።

እኔ አሥር እርምጃ ርቆ መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ልጅ ይቅርታ ማለት አልቻልኩም።

እንግዲህ፣ ምን ልምከራችሁ? ሰዓት አክብሩ፣ ውሃ አስይዟቸው፣ ይህን ታውቁታላችሁ። ፒቸር የሆነውን ልጅ ክንድ ግን ጠብቁ። ሊትል ሊግ የሚባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚወረወረውን ኳስ ይቆጥራል። ለ9 እና 10 ዓመት ልጆች በቀን ከ75 አይበልጥም። 66 እና ከዚያ በላይ የወረወረ ልጅ አራት ቀን ያርፋል። ዳኛ አላየም ብላችሁ አትለፉት። ማሸነፍ ስትፈልጉ ነው ቁጥሩ የሚጠፋባችሁ።

ለልጆቹ ደግሞ የጨዋታውን ጠባይ ንገሯቸው። ከአሥር ሙከራ ሦስቱን የሚመታ ሰው ሚሊዮኖች ይከፈለዋል። ዝነኛው መቺ ቴድ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1941 ከሺህ ሙከራ 406 በሚሆን አማካይ መታ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ 400 የሞላ የለም። እሱ እንኳን ከግማሽ በላይ አልተሳካለትም። ይህን የሚያውቅ ልጅ መምታት አቅቶት ስትራይክ አውት ሆኖ ሲመለስ ባቱን (መምቻውን) አይወረውርም።

የዛሬ ልጆች ላይ የማልወደው ነገር አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በግል የመምታት አስተማሪ ይቀጠርለታል፤ ቅዳሜና እሁድ ከስቴት ስቴት ይጓዛል። ሜዳ ላይ ብቻቸውን ተሰብስበው፣ ራሳቸው ቡድን ከፍለው፣ ራሳቸው ተጨቃጭቀው ሲጫወቱ አላይም። ለተሳተፈ ሁሉ ዋንጫ መስጠቱም አይዋጥልኝም። የልጄን የተሳትፎ ዋንጫ ግን ሃያ ዓመት መደርደሪያዬ ላይ አቆይቼዋለሁ፤ አቧራውንም የምጠርገው እኔ ነኝ። ስልካችሁንም ሜዳ ላይ ባላየው ደስ ይለኛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ዌኮ፣ ቴክሳስ ላይ የሆነውን ያሳየኝ ያው የወጣት ስልክ ነው። የ12 ዓመት ልጆች ጨዋታ ነው። ፒቸሩ የወረወራት ኳስ ጭንቅላቱን የመታችው የኦክላሆማ ልጅ ፈርስት ቤዝ ከደረሰ በኋላ ፒቸሩ ሲያለቅስ አየ። ሄዶ አቀፈው። የተመታው ልጅ የመታውን አጽናናው። ማንም አሰልጣኝ አላዘዘውም።

ልጆቹ እንደዚህ ያለውን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። እንዳናበላሽባቸው ነው የምፈራው።

አትቆጡ አልልም። ሥርዓት የሌለው ቡድን ቡድን አይደለም። ባት ለወረወረ፣ ጓደኛው ላይ ለሳቀ ልጅ ቆጣ በሉ፤ ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ቢባልም። ኳስ ለጣለ ልጅ ግን በፍጹም። ከተቆጣችሁም በሁሉም ልጅ ላይ እኩል ተቆጡ፤ የራሳችሁን ወገን ለይታችሁ አትምቱ። በተለይ እናንተ ሁለት ቋንቋ የምትችሉ ልጆቼ፣ አማርኛችሁን ለቁጣ ብቻ አታስቀምጡት። እዚህ ያደገ የሐበሻ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋውን የሚሰማው ሲገሠጽ ነው። «ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ» ሲባልም በአማርኛ ይስማው።

አንተ ደግሞ፣ ቡናህን ይዘህ የጠየቅኸኝ፣ «አይዞህ» ያልኩህ አይበቃም። የሚቀጥለውን ኳስ እንዴት እንደሚይዝ አሳየው። ሮጠህ ሂድ፤ ተንበርከክ፤ ጓንቱን አንሳለት። ከጥፋቱ ውስጥ የአንተ ድርሻ ካለበትም እዚያው ሜዳ ላይ ንገረው። ነገ አትበል።

ያ ልጅ አሁን ሠላሳ ዓመት ደርሷል። ትናንት በሰው በሰው የእናቱን ስልክ አገኘሁ። ደወልኩላት። ድምፄን ወዲያው አወቀችው። ቨርጂኒያ እንደሚኖር ነገረችኝ፣ ቁጥሩንም ሰጠችኝ። ወረቀቱ ቴሌቪዥኑ ሥር አለ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሥራ በማይገባበት ሰዓት እደውልለታለሁ። ጋሼ ነኝ እለዋለሁ። ስለ ፀሐይዋ እነግረዋለሁ።