ጎመኑን ነቅዬ ቆስጣ ልትከል?

ጥያቄ፦ «ጓሮዬ ውስጥ ወደ 40 እግር የሚሆን ጎመንና ሁለት መስመር ቆስጣ አለኝ። ጤና ጣቢያ ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ። ጎረቤቶቼ ቆስጣ ደም ይሆናል፣ ከጎመን በብዙ ይበልጣል ይሉኛል። ጎመኑን የተከልኩት ነሐሴ ላይ ነው። ከገና ወዲህ ቅጠሉ እያነሰ፣ ከታች ቢጫ እየሆነ፣ ሲሠራም እየመረረ ልጆቹ አንበላም ብለዋል። ለጎመንዘር የምይዘውም ከዚሁ ስለሆነ ዝም ብዬዋለሁ። ቆስጣው ግን እንደለመለመ ነው። ሁሉንም ነቅዬ ቆስጣ ላድርገው? የትኛው ነው የሚጠቅመው?» (አንዲት እናት፣ ከምሥራቅ ጎጃም)

መልስ፦ ጎመኑን አይንቀሉ። ከወር እስከ ወር ተኩል የሚበላ ቅጠል አሁንም አለው። ያወዳደሩት ያረጀ ጎመንን ከጎልማሳ ቆስጣ ጋር ስለሆነ ፍርዱ ትንሽ ያዳላል።

በመጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። የሐበሻ ጎመን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሰፊ ቅጠል ጎመንና ቆስጣ በጥሬው 100 ግራም ተመዝነው ሲታዩ፣ ቆስጣው 1.8 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ሲኖረው ጎመኑ 0.5 ገደማ ነው። ጎረቤቶችዎ አልተሳሳቱም ማለት ነው። በካልሲየም ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎመኑ 230 ሚሊ ግራም ያህል፣ ቆስጣው 50። ያ 50 እንኳ ሙሉውን ለሰውነት አይደርስም። ቆስጣ የስፒናች ወገን ስለሆነ ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ እሱም ካልሲየሙን አንቆ ይይዘዋል። ስፒናች ውስጥ ካለው ካልሲየም ሰውነት የሚወስደው ከ100 እጅ 5 ያህሉን ሲሆን፣ ከጎመን ወገን ግን ወደ 40 ይወስዳል። ፎሌት ለደም የሚያስፈልግ ቫይታሚን ነው፤ እሱም በጎመኑ 130 ማይክሮ ግራም ሲጠጋ በቆስጣው ከ15 አይዘልም። በቫይታሚን ኤ ቆስጣው ትንሽ ይበልጣል እንጂ ሁለቱም ሀብታም ናቸው። ስለዚህ ደም ለጎደለው ሰው አንዱን ጥሎ አንዱን ማንጠልጠል አያዋጣም።

ስለ ደም ማነሱ ደግሞ ግልጽ ልሁን። ከቅጠል የሚገኝ ብረት የትኛውም ቢሆን ወደ ሰውነት የሚገባው ጥቂቱ ነው። ጤና ጣቢያው ኪኒን ሰጥቶዎት ከሆነ ይውሰዱት፤ ጎመንም ቆስጣም አይተካውም። ቅጠሉ ላይ ሎሚ ቢጨምቁ ወይም ጥሬ ቃሪያ አብረው ቢበሉ ብረቱ የተሻለ ይገባል። ምሳ ላይ ተከትሎ የሚመጣ ቡና ግን ይመልሰዋል። ቡናው ከምሳ አንድ ሰዓት ቀድሞ ቢፈላ ይሻላል፤ ይህን ለቤት ሰው ማስረዳት ከእርሻው እንደሚከብድ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጓሮው እንግባ። በደብዳቤዎ ላይ አልጻፉትም እንጂ፣ ወጥተው ቢያዩ ከጎመኖቹ ገሚሱ አናቱ ላይ ዘንግ አውጥቶ ቢጫ አበባ ወይም እንቡጥ ይዟል ብዬ እገምታለሁ። በነሐሴ የተተከለ ጎመን ጥር ላይ ሌላ ምን ይሠራል? ተክሉ ሐሳቡን ወደ ዘር አዙሯል። አፈሩ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን (ቅጠል የሚያለመልመው የተክል ምግብ) ስላልበቃው ከአሮጌው ቅጠል እየመጠጠ ወደ አበባው ይልካል። ቢጫው ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው። በሽታ ቢሆን ብዙውን ጊዜ እንዲህ በሥርዓት ከታች ወደ ላይ አይወጣም ነበር። ምሬቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ጎመናችን በአንድ ወገኑ ከጥቁር ሰናፍጭ የተወለደ ነው፤ ውሃ ሲያጥረውና ሲያብብ የሰናፍጩ ወገን ጎልቶ ይወጣል። ቆስጣ ደግሞ በአንደኛ ዓመቱ ብዙውን ጊዜ አያብብም፤ የለመለመውም ለዚያ ነው።

የሚያስፈልግዎት ቢላ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጣሳ፣ አሮጌ ጆንያና 5 ኪሎ ያህል እበት ብቻ ነው። ኩበቱን አላስቀርብዎትም።

ከ40ው ውስጥ 6 እግር ለጎመንዘር ይለዩና ለምልክት ጨርቅ ያስሩባቸው። እነሱን አይንኩ። የትኞቹን እንደሚመርጡ በኋላ እመጣበታለሁ። ክሽክሽ (የተክሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የወረራቸውንና ግንዳቸው እንደ እንጨት የደረቀውን ይንቀሉ። በቀሩት ላይ አበባ የያዘውን ዘንግ ከላይኛው ጤነኛ ቅጠል አንድ ጣት ያህል ከፍ ብለው በሹል ቢላ በሰያፍ ይቁረጡ። በሰያፍ የሚቆረጠው ቁስሉ ላይ ውሃ እንዳይቋጥር ነው። ያልፈነዳው እንቡጥ ከነለጋ ዘንጉ ከጎመኑ ጋር ተከትፎ ስለሚሠራ አይጣሉት። ክሽክሽም በብዛት የሚሰፍረው እዚያው አናቱ ላይ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል፤ ክሽክሽ ያለበትን ግን ለይተው ይቅበሩ።

በዚያው ቀን ቢጫውን ቅጠል በሙሉ ለቅመው ለከብት ይስጡ። ከእንግዲህ የሚቀጥፉት በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእያንዳንዱ እግር ከታች ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ብቻ ነው። አናቱ ላይ ሁልጊዜ አምስት ስድስት ቅጠል ይቅር። ከዚያ በታች ከራቆተ ተክሉ ቅጠል ለማውጣት ጉልበት ያጣል። ቅጠሉ ከተዘረጋ መዳፍዎ ብዙም ሳይበልጥ ይቀጠፍ። «ትንሽ ይስፋ» ተብሎ የሚተው ቅጠል በየጓሮው አያለሁ፤ የሚሰፋው ግን ጅማቱና ምሬቱ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ማለት ደግሞ ለልጆቹ ዓይን የሚፈልጉት ቫይታሚን ኤ አብሮ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

የእበቱ ውሃ እንዲህ ይዘጋጃል። 5 ኪሎ ያህል እርጥብ እበት አሮጌ ጆንያ ውስጥ ያስሩ፣ ድንጋይ ይጨምሩበትና 20 ሊትር በሚይዝ ባልዲ ውስጥ አስገብተው ውሃ ይሙሉ። ዝንብ እንዳይገባ ይክደኑት፣ ጥላ ሥር ያቆዩት፣ በየሁለት ቀኑ ጆንያውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጣሳ ከዚያ ወስደው በሁለት ጣሳ ንጹሕ ውሃ ያቅጥኑ፤ መልኩ ቀጭን ሻይ ሲመስል ደርሷል። ጎመኑን ቅጠል በቀጠፉበት ቀን መጀመሪያ ውሃ ያጠጡት፤ ከዚያ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው ለእያንዳንዱ እግር ግማሽ ሊትር ያፍስሱ። በየሁለት ሳምንቱ ይድገሙት፤ አንዱ ባልዲ ለሦስት ዙር ይበቃዎታል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንዱ ሳያቀጥኑ በደረቅ አፈር ላይ ማፍሰስ ነው፤ ሥሩ ይቃጠላል፣ ጎመኑም በማግሥቱ ይጠወልጋል። ሌላው ቅጠል ላይ መርጨት ነው። እበት የሆድ በሽታ ተሸክሞ ስለሚመጣ ከአፈር ከፍ አይበል፤ ሰላጣ ወይም ሌላ በጥሬው የሚበላ ነገር ካለዎት እዚያ መደብ ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙት። ዩሪያ ልጨምርበት ለሚሉ፦ ለጥቂት እግር ጎመን አያስፈልግም፤ ሲበዛበት ቅጠሉን አለስልሶ ክሽክሽ ይጠራል።

በአሥር ቀን ገደማ ከቅጠሉ ብብት ሥር አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። ቅጠሉ ከድሮው ያንሳል፣ ግን ለጋ ነው። እንደገና እንቡጥ ሲያሳይ እንደገና ይቀንጥሱት። ይህ ዘዴ ጊዜ መግዣ እንጂ ተክሉን መልሶ ወጣት አያደርገውም። ስለዚህ ዛሬውኑ በነቀሉት ቦታ ትንሽ መደብ ላይ ዘር ይዝሩ፤ ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲይዝ በሁለት ስንዝር ርቀት ይትከሉት። በየወሩ ጥቂት ጥቂት መዝራት በነሐሴ ሁሉንም አንድ ላይ ከመትከል ይሻላል፤ ሁሉም አብሮ ተተክሎ አብሮ ሲያረጅ ነው ሁዳዴ ላይ ባዶ እጅ የሚቀረው። ቆስጣውን በሁለት መስመሩ ይተዉት፤ ከጎመን የበለጠ ውሃ ይጠጣል፣ በበጋ ሁሉንም ቆስጣ ካደረጉ የሚቀዳው ውሃ ያደክምዎታል።

ወጥ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጎመን ተቀቅሎ፣ ተጨምቆ፣ አረንጓዴው ውሃ ሲደፋ ፎሌቱና ቫይታሚን ሲው አብሮ ይደፋል። ሳይከተፍ ይታጠብ፣ በጥቂት ውሃ ተከድኖ ይብሰል፣ ውሃው እዚያው ይመጠጥ። ዘይት ጠብ ይበልበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። ለቆስጣ ግን ውሃውን መድፋት ይፈቀዳል፤ ኦክሳሌቱ ከፊሉ በዚያ ይወጣል። ጨውም ይቀንሱለት፣ በተፈጥሮው አለው።

አሁን ወደ ዘሩ። በየቀበሌው የማየውና የማይገባኝ ልማድ አለ፤ ቅጠሉ ያማረው ጎመን ይበላል፣ ቀድሞ ያበበውና «ከእንግዲህ ለምንም አይሆን» የተባለው ለጎመንዘር ይተዋል። ይህ ማለት በየዓመቱ ለማበብ የሚቸኩለውን ብቻ እየመረጡ መዝራት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎመኑ ከገና በፊት ቢያብብ ጥፋቱ የጎመኑ አይደለም፣ የመራጩ ነው። ምጣድ ለማሰስ ከሆነ ከየትኛውም ቢሆን ግድ የለም። ለመዝሪያ የሚሆነው ግን ዛሬ ጓሮ ሲወጡ ገና እንቡጥ ያላሳየው፣ ቅጠሉ የሰፋው፣ ክሽክሽ የራቀው ነው። ጨርቁን የሚያስሩት እነዚያ 6ቱ ላይ ይሁን። ከእነሱ ቅጠል አይቅጠፉ፣ የእበት ውሃውን ግን አይከልክሏቸው። የዘር ከረጢቱ ቢጫ ሆኖ ከታች ያለው መድረቅ ሲጀምር ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይቁረጡት፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ከነኩት ፈንድቶ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል።