ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቁ፦ ላንጋኖ

ከጓደኞችዎ ጋር ቅዳሜና እሑድን በአነስተኛ ወጪ የሚያሳልፉበት፣ ሰው የማይበዛበት አሸዋማ የውኃ ዳርቻ ከአዲስ አበባ ሳይርቅ ይገኝ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ እኔ ያለ ማመንታት የምመክርዎ ላንጋኖን ነው። ከከተማው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ይህ ሐይቅ ውኃው ቡናማ የሆነው በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት እንጂ ቆሽሾ አይደለም፤ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ስለሚባልም ዋናተኞች ከሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይልቅ ይመርጡታል።

ኪስ የሚጎዳው መኝታው ስለሆነ፣ ድንኳን ይዛችሁ ሄዳችሁ የመትከያ ቦታ ብቻ ብትከራዩ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ የሕዝብ መኪና ተሳፍሮ መገንጠያው ላይ መውረድ ይቻላል። በመንገዳችሁ ላይ ከሚገኙት ከተሞች አትክልቱን ከመቂ፣ ዓሣውን ከባቱ (ዝዋይ) ግዙ።

ለአስፋልቱ የሚቀርበው ምዕራባዊ ዳርቻ በሳምንት መጨረሻ ስለሚጨናነቅ፣ ጸጥታ ከፈለጋችሁ መንገዱ ቢያደክምም ደን ያለበት ምሥራቃዊው ዳርቻ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ካስማ አሸዋ ላይ አይጸናም፤ ስለዚህ ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ አሸዋ ሞልታችሁ የድንኳኑን ገመድ እሱ ላይ እሰሩ። ጉማሬ ስላለ፣ አደራ፣ ከመሸ በኋላ ወደ ውኃው አትጠጉ፤ የት እንደሚወጣም የአካባቢውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ።