የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተምሬ ምን እሠራለሁ?

እህቴ፣ የላክሽልኝ ጥያቄ ሁሌም የሚያንገበግበኝ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። የዓለም አቀፍ ግንኙነት መግቢያ ኮርስ ወስደሽ ወደድሽው፤ አሁን ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው። አባትሽ ግን «ዲፕሎማት የሚሆነው ዘመድ ያለው ነው፤ አካውንቲንግ ግቢ፣ ታናናሾችሽን የምታስተምሪው አንቺ ነሽ» አሉሽ። ንድፈ ሐሳቦቹ ይምታቱብሻል፣ ሒሳብም ትፈሪያለሽ።

የንድፈ ሐሳቡን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ትርጉም አትሸምድጂ። አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በኑክሌር ሚሳይል የተፋጠጡበትን እ.ኤ.አ. የ1962ቱን የኩባ ሚሳይል ቀውስ ያዢና ሁሉን በኃይል ሚዛን የሚለካው ሪያሊስቱ እዚህ ውስጥ ምን ያያል፣ በትብብርና በተቋማት የሚያምነው ሊበራሉስ፣ ሐሳብና ማንነት አገሮችን ይቀርጻል የሚለው ኮንስትራክቲቪስቱስ ብለሽ በየተራ ጠይቂ፤ በአንድ ክስተት ላይ ሲፋጠጡ ልዩነታቸው ይገባሻል።

አባትሽ ግማሹን እውነት ብለዋል። የኤምባሲ ቦታ ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለወጣት ባለሙያዎች የሚያዘጋጀው ፈተና እንኳ ከ32 ዓመት በላይ የሆነን አይቀበልም፤ አገርሽ በዚያ ዓመት ከሚሳተፉት መካከል ከሌለች ደግሞ ዕድሜሽ ቢፈቅድም አትመዘገቢም። ግን ይህ ትምህርት ለኤምባሲ ብቻ ነው ያለው ማነው? ይሄ አባባል ስንቱን ጎበዝ ተማሪ ከሚወደው ነገር አስወጥቶታል!

እኔ ይህንኑ ተምሬ ደመወዝ መብላት የጀመርኩት በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራው የጭነት ሰነድ፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ ኢንሹራንስ ነበር። የዓለም ፖለቲካም እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲበዛ ምን እንደሆነ አስቢ፤ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች የስዊዝን መንገድ ትተው አፍሪካን በደቡብ ጫፏ መዞር ጀመሩ፣ ጉዞው ረዘመ፣ ኢንሹራንሱም ተወደደ። ነጋዴው የሚጠይቀው «ዕቃዬ መቼ ይደርሳል? ጭማሪውንስ ማን ይከፍላል?» ብሎ ነው። ይህን ለመመለስ ግጭቱንም ውሉንም ማወቅ ያስፈልጋል፣ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ባንክ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህ የማዕቀቡ ዝርዝር እየበዛ ሄዷል፣ የትኛው ክፍያ እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚቆም አንብቦ የሚወስን ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ምረጪው፤ ግን ብቻውን አትያዢው። ከጎኑ ቀጣሪ የሚፈልገው አንድ ነገር ጨምሪበት። አንድ የውጭ ቋንቋ ሪፖርት እስክትጽፊበት ድረስ መቻል ይሆናል፣ ስታቲስቲክስም ይሆናል፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ይሻልሻል። ሒሳብ እፈራለሁ ላልሽው፣ አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ ውሰጂና ፍርሃቱን እዚያው ጨርሺው። በብድር ውጭ አገር ማስተርስ መማርን ለጊዜው እርሺው፣ መጀመሪያ ሥራ ያዢ።

የታናናሾችሽ ነገር ግን አናዶኛል። አባትሽን አከብራቸዋለሁ፣ ችግሩም እውነተኛ ነው። ቢሆንም ገና ያልተመረቀች ልጅ ላይ የቤቱን ወጪ አስቀድሞ መጫን ልክ አይደለም፣ ይህን በትሕትና ግን ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው። «ሥራ ስይዝ የአቅሜን እረዳለሁ» በይ፤ ቃልሽ እዚህ ላይ ይቁም። የማትወጂው ዲፓርትመንት ገብተሽ በደካማ ውጤት ብትወጪ ለታናናሾችሽም የሚተርፍ ነገር አይኖርሽም።

አባትሽ ጋ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቢ፤ ከባንክ፣ ከመርከብና ከዕቃ አስተላላፊ ድርጅት፣ ከንግድ ምክር ቤት፣ ከረድኤት ድርጅት። በየማስታወቂያው የተጠየቀውን የትምህርት ዓይነት አስምሪበትና ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት።