ሁለት አስቂኝ ኦፔራዎች ለአንድ ምሽት

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ አዳራሽ ሁለት አጫጭር አስቂኝ ኦፔራዎችን በአንድ ምሽት ለማቅረብ የተሰባሰብን ወጣቶች ነን። ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን፣ አንድ የመድረክ ተዋናይና አንድ ፒያኖ ተጫዋች አሉን። የፔርጎሌዚን «እመቤት የሆነችው ገረድ» መርጠናል። ሁለተኛው የሜኖቲ «ስልኩ» ቢሆን ምን ይመስልዎታል? በአማርኛ ብናቀርበውስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ምርጫችሁ ለአቅማችሁ የተስማማ ነው። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1733 ናፖሊ ውስጥ የቀረበው በሌላ ቁም ነገረኛ ኦፔራ ገቢሮች መካከል ተመልካቹን ለማዝናናት ስለነበር 45 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይፈጃል፤ የሚፈልገውም ሁለት ድምፃውያንና ቃል የማይተነፍስ አንድ አገልጋይ ነው። በሀገር ፍቅር መድረክ በዘፈን መካከል ጭውውት ማየት ለለመደው የአዲስ አበባ ተመልካች ይህ አቀራረብ እንግዳ አይሆንበትም።

«ስልኩ» ጥሩ ሥራ ቢሆንም ተዋናያችሁን ያለ ሥራ ያስቀምጠዋል፤ ሜኖቲ ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ የአሳታሚውን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባችኋል። እኔ የምመክረው እ.ኤ.አ. በ1909 ሙኒክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የቮልፍ ፌራሪን «የሱዛና ምስጢር» ነው። ባል ቤቱ ውስጥ የትምባሆ ሽታ ይሸተውና ሚስቱ ውሽማ ያስገባች ይመስለዋል፤ አጫሿ ግን ራሷ ናት። እዚህም ሁለት ድምፃውያንና አንድ ዝምተኛ አገልጋይ ስላሉ፣ ተዋናያችሁ ሁለቱን አገልጋዮች ቢጫወት ምሽቱ በእሱ ይያያዛል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል በመሆኑ ሲጋራው ሳይለኮስ፣ ጭሱ በተዋንያኑ አፍንጫና በመሃረብ ማራገብ ብቻ ሊታይ ይገባል፤ በደንብ ከተሠራ ከእውነተኛው ጭስ የበለጠ ያስቃል ብዬ አምናለሁ።

ቋንቋውን በተመለከተ ሁለቱን ለይታችሁ ብታዩ ይሻላል። ፔርጎሌዚ ንግግሩንና ዜማውን ስለሚለያይ፣ በንግግር መልክ የሚዘመረውን ክፍል በአማርኛ አድርጋችሁ ዋና ዋናዎቹን ዜማዎች በጣሊያንኛ መተው ትችላላችሁ። የቤቱ ጌታ ኡቤርቶ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቸኮላት እየጠበቀ ሲበሳጭ፣ ገረዲቱ ደግሞ ጊዜው አልፏል ብላ ስትከለክለው ሳቁ ከቃሉ ጋር እኩል ካልደረሰ ትዕይንቱ ይሞታል፤ ቸኮላቱን በቡና ብትተኩትም አልቃወምም። ስትተረጉሙ ግን ጠብቆ የሚነገረው ድምፅ በዜማው ላልቶ እንዳይወድቅ ድምፃውያኑ ራሳቸው እየዘመሩ ይፈትሹት። በቮልፍ ፌራሪ ሥራ ንግግሩ ከሙዚቃው ጋር ሳይቋረጥ ስለሚፈስ በጣሊያንኛ ዘምራችሁ የአማርኛውን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ብታሳዩ ይበቃል።

ፔርጎሌዚ ይቅደም፤ ሙዚቃው ቀለል ያለና በመሠረቱ ለጥቂት ባለአውታር መሣሪያዎች የተጻፈ ስለሆነ ፒያኖው አይከብደውም። ተዋናዩንም ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ ከድምፃውያኑ ጋር አቁሙት፤ እንቅስቃሴው በሙዚቃው ልክ መውደቅ ስላለበት በመጨረሻው ሳምንት የሚጨመር ነገር አይደለም።